33 ነው 38? ማሽን አጠገብ ሰነድ ለማንበብ የቱን ዕቃ እንግዛ?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ማጓጓዣ ቀበቶው ቆሟል። የኤሌክትሪክ ፓኔሉ በር ተከፍቷል። እኔ የእጅ ባትሪ ይዣለሁ። አብሮኝ ፈረቃ የገባው ልጅ ስልኩ ላይ የማሽኑን የሽቦ ዲያግራም ከፍቷል። በሁለት ጣቱ ያሰፋዋል፣ ወደ ግራ ይጎትተዋል፣ መስመሩ ይጠፋበታል፣ መልሶ ያሳንሰዋል።

«አቦ፣ ይሄ 33 ነው 38?» አለኝ።

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ስክሪኑ በላብና በግሪስ ተለውሷል። «33 ነው» አልኩት። 38 ነበር። ሽቦው የተሳሳተ ቦታ ገባ። በ24 ቮልት የሚሠራ ኮንታክተር (ኃይል የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) ላይ 220 ገባበት። ኮይሉ ወዲያው ጨሰ። ስቶር ኃላፊው ከቤቱ ተጠርቶ፣ ሌላ ኮንታክተር ተፈልጎ፣ መስመሩ እስኪነሳ ነጋ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን ነው። ልጁ ግን ጠዋት ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ትልቅ ወረቀት ላይ የተሣለን ዲያግራም መዳፍ በማታህል ስክሪን አንብቡ ተብለን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይሄ ጉዳይ ያንገበግበኛል። ድሬ ውስጥ ሲሚንቶ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ዱቄትና ምግብ ፋብሪካ የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ። «በትንሽ ገንዘብ የቱን እንግዛ?» ሲሉኝ የምነግራቸውን ነው እዚህ የጻፍኩት። ዋጋ በብር አላስቀመጥኩም። ምንዛሪው ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ለገበያ ስለተለቀቀ የዛሬ ዋጋ ለሚመጣው ወር አይሆናችሁም። የቱ ከየቱ እንደሚረክስ ግን እናገራለሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱን ለኩት

ሱቅ ስንገባ የምንጠይቀው «ራሙ ስንት ነው? ስቶሬጁ ስንት ነው?» ብለን ነው። ለእኛ ሥራ ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ምን ልታነቡበት ነው?

ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊሜትር ነው። ገጹን ሙሉውን ስክሪን ላይ ብታመጡት ምን ያህል ያንሳል? ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 6.5 ኢንች ስልክ ላይ ወደ 32 በመቶ ይወርዳል። ሲሶ እንኳ አይሞላም። 8 ኢንች ታብሌት ላይ 51 በመቶ፣ 10.1 ኢንች ላይ 65 በመቶ ይሆናል። በፎንት 10 የተጻፈ ጽሑፍ ስልኩ ላይ ፎንት 3 ሆነ ማለት ነው። እሱን ጤነኛ ዓይንም አያነበውም። 8 ኢንቹ ላይ 5፣ 10 ኢንቹ ላይ 6.5 ይሆናል። 6.5 መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፎ የሚገባውን ወረቀት የሚመስል መጠን ነው። አይመችም፤ ግን ይነበባል።

«እናሰፋዋለና!» ትሉ ይሆናል። ለጽሑፍ ልክ ናችሁ። የጥገና መመሪያ፣ የዘይት መለወጫ ሰሌዳ፣ የሥራ ቅደም ተከተል ቢሰፋ ችግር የለውም፤ ወደ ታች እየሳባችሁ ታነባላችሁ። ዲያግራም ግን የሚነበበው መስመር በመከተል ነው። ከገጹ ላይኛው ግራ የተነሳ ሽቦ ታችኛው ቀኝ ላይ ያርፋል። ስታሰፉት አንዱን ጫፍ ታያላችሁ፣ ሌላው ከስክሪን ይወጣል። መሃል ላይ ሦስት መስመሮች ጎን ለጎን ሲሄዱ የትኛውን ይዛችሁ እንደመጣችሁ ይጠፋችኋል። የእኛም ሌሊት የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ሳንቲም ሳታወጡ መሞከር ትችላላችሁ። በየቀኑ ከምትጠቀሙባቸው ዲያግራሞች በጣም ጥቅጥቅ ያለውን ምረጡ። ፕሪንት ስታደርጉ መጠኑን 65 በመቶ በሉት። ሌላ ቅጂ በ51፣ ሌላ በ32 አትሙ። ሦስቱን ይዛችሁ ማሽኑ አጠገብ ሂዱ። በራሱ መብራት፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ፣ መነጽር የሚያደርገውን አንጋፋ ቴክኒሽያንም ጨምራችሁ አንብቡ። ጋሼ ያላነበቡት መጠን ለቡድኑ አይሆንም። ወጣቶቹ ስላነበቡት ብቻ መግዛት የለባችሁም።

የድሮ ማሽን ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣልያን ጊዜ የተተከለው ድሬ ነው፤ ከተማዋ ብዙ ዕድሜ ጠገብ ማሽን አይታለች። የእንዲህ ያለ ማሽን ሥዕል ብዙ ጊዜ በኤ3 ወይም ከዚያ በሚበልጥ ወረቀት ነው የተሠራው። ኤ3 የኤ4 እጥፍ ነው። እሱን ሙሉውን የሚያሳይ ርካሽ ታብሌት የለም። በአራት ቆርጣችሁ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ እየተደራረበ፣ እንደ አራት ገጽ ስካን ማድረግ ይሻላል።

ሙቀቱን አትርሱት

ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በግንቦትና በሰኔ ቀን ላይ 35 ዲግሪ ማለፉ ብርቅ አይደለም። ይሄ የደጁ ነው። ከቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ቦይለር ወይም ማድረቂያ አጠገብ ይብሳል። አፕል አይፓድን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ቦታ ተጠቀሙበት ይላል። ስለዚህ እኛ ጋ ዕቃው ሥራ ሳይጀምር ወሰኑ ላይ ደርሷል። ሲግል መጀመሪያ ብርሃኑን ይቀንሳል። ቀጥሎ ቻርጅ አልቀበልም ይላል። ሲብስበት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ይዘጋል።

ሊትየም ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ ሲገናኙ ነው። ፓኔል ላይ ተለጥፎ ሌት ተቀን ቻርጀር ላይ የሚውል ታብሌት አንድ ቀን አብጦ ታገኙታላችሁ። ስክሪኑ ከጠርዙ ብድግ ይላል። እንደዚያ ካያችሁት አትጫኑት፣ ቻርጅም አታድርጉት፤ ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ አስቀምጡት። እንዳይደርስ ከፈለጋችሁ ቻርጁን ከ30 እስከ 80 በመቶ መሃል ያዙት። አንዳንድ ሳምሰንግ ታብሌቶች ላይ ቻርጁን 80 ወይም 85 በመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ ሴቲንግ ውስጥ አለ። አብሩት። ቻርጅ ማድረጊያ ቦታው ቢሮ ይሁን፣ ማሽን ክፍል አይሁን።

ሐረር ያላችሁ ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆናችሁ ይሄ ያን ያህል አያሳስባችሁም። ብናኙና ውኃው ግን እናንተንም ይመለከታል።

ስልክ

ሁሉም ኪስ ውስጥ አለ፤ ትልቁ ጥቅሙ ይሄው ነው። የኢንቨርተር ስህተት ኮድ ትርጉም ለማየት፣ የቤሪንግ ቁጥር ለማረጋገጥ፣ ሞተር ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ፎቶ ለማንሳት ከስልክ የሚሻል የለም። ከመፍታታችሁ በፊት የሽቦውን አቀማመጥ ፎቶ አንሱ። ይሄ ብቻውን ብዙ ሰዓት ያድናል።

ለዲያግራም ግን አይሆንም። ሌላም ነገር አለ። የሠራተኛውን የግል ስልክ የፋብሪካ ዕቃ ማድረግ ልክ አይመስለኝም። ከመሰላል ላይ ወድቆ ቢሰበር ማን ይከፍላል? ደመወዙ ስንት ነውና ነው? ሥራው ስልክ የሚፈልግ ከሆነ አሠሪው ይግዛ።

8 ኢንች ታብሌት

ቱታ ኪስ ውስጥ ይገባል። የዕለት ቼክሊስት ለመሙላት፣ የንባብ መዝገብ ለመያዝ ጥሩ ነው። ዋጋው ከ10 ኢንቹ ብዙም ስለማይርቅ ሰነድ ለማንበብ ብዬ አልገዛውም።

10 ኢንች ታብሌት

እኔ የምመርጠው ይሄን ነው። ያገለገለም ይሁን አዲስ፣ ለጥገና ቡድን ካወጣችሁት ገንዘብ አንጻር ከዚህ የሚበልጥ አላገኘሁም።

ሁሉም 10 ኢንች ግን አንድ አይደለም። በጣም ርካሾቹ ስክሪናቸው 1280 በ800 ነጥብ ነው። ኢንች ላይ 149 ነጥብ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ላይ ያ ፎንት 6.5 የሆነ ፊደል ከ13 ነጥብ በማይበልጥ ቁመት ይሣላል። ትንንሾቹ ቁጥሮች ሆዳቸው ይደፈናል። 3 እና 8፣ 5 እና 6 የሚምታቱት እዚህ ነው። 1920 በ1200 የሆነ ስክሪን ኢንች ላይ 220 ገደማ ነጥብ ስላለው ቁጥሩ ጥርት ይላል። የዋጋው ልዩነት አለ፤ ግን አንድ የተቃጠለ ኮንታክተርና አንድ የቆመ ሌሊት ከዚያ ይበልጣል። በዚህ ነጥብ ላይ አትደራደሩ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የሳምሰንግ ታብ ኤ7 ባለ 10.4 ኢንቹ፣ ታብ ኤ8 ባለ 10.5፣ ታብ ኤ9 ፕላስ ባለ 11፣ ሦስቱም ስክሪናቸው 1920 በ1200 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሦስቱም ሚሞሪ ካርድ ይቀበላሉ። ያገለገለ ኤ7 ወይም ኤ8 ብታገኙ ለፒዲኤፍ ከበቂ በላይ ነው። ራም ከ3 ጊጋ በታች አትግዙ። 2 ጊጋ ባለው ላይ ብዙ መቶ ገጽ ያለው ማኑዋል ስትከፍቱ ነጭ ገጽ እያሳየ ያስጠብቃችኋል፤ ማሽን ቆሞ ሰው ከኋላችሁ ሲጮህ ያ ጥበቃ ረጅም ነው።

ሲም የሚቀበለውን አትፈልጉት። ዋይፋይ ብቻ ያለው ይረክሳል። ሰነዱ እዚያው ውስጥ ስለሚቀመጥ ኔትወርክ ቢጠፋም አይነካችሁም። ሲም ከሌለው ደግሞ በሥራ ሰዓት ለሌላ ነገር የመዋል ዕድሉ ይቀንሳል።

ድክመቱንም ልንገራችሁ። ብርሃኑ ጣራ ሥር ይበቃል፤ ግቢ ውስጥ የድሬ ፀሐይ ላይ ስታወጡት ግን መስታወት ሆኖ ፊታችሁን ያሳያችኋል። ወፍራም ጓንት አይሰማም። ብናኝም ሆነ ውኃ የመከላከል አቅሙ አነስተኛ ነው። ሲሚንቶ ክፍል ውስጥ የቻርጀር ቀዳዳው መጀመሪያ ይደፈናል። ለዚህ የጎማ መሸፈኛ ያለው ከቨር አለ፤ ካጣችሁ ቀዳዳውን በቀላሉ በሚነሳ ቴፕ ሸፍኑ። የሲሚንቶ ብናኝ እርጥበት ሲያገኝ ስለሚጠነክር ስክሪኑን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ አትሹት። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉለት። ብናኙ ላይ ብትጫኑ መስታወቱን ይቧጭረዋል።

ያገለገለ አይፓድ

9.7 ኢንች አይፓድ ከ10.1 ኢንች ታብሌት ያነሰ ይመስላል። ኤ4 ሲከፈትበት ግን 66 በመቶ ያሳያል፤ ከትልቁ ጋር እኩል ማለት ነው። ምክንያቱ ቅርጹ ነው። ታብሌቱ ረዘም ቀጠን ያለ ነው፣ አይፓዱ ሰፋ ያለ ስለሆነ ከወረቀቱ ቅርጽ ጋር ይቀራረባል። ስክሪኑም 2048 በ1536 ነጥብ ነው። በጥራት ከርካሾቹ አንድሮይዶች ይበልጣል።

ሁለት ነገር ያሳስበኛል። ሚሞሪ ካርድ አይቀበልም፤ ፋይል ማስገባቱ ትንሽ ያስቸግራል። ሁለተኛው ቁልፉ ነው። የቀድሞ ባለቤቱ አካውንት ካልወጣለት ዕቃው ከብረት አይሻልም። ይሄንን ታች እመለስበታለሁ።

ኢ-ኢንክ ማንበቢያ

ኪንድልና መሰሎቹን የመጽሐፍ ማንበቢያዎች ማለቴ ነው። ፀሐይ ላይ እንደ ወረቀት ይነበባሉ። ባትሪያቸው ከታብሌት ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ዓይን አያደክሙም። ለጽሑፍ ከወደድኳቸው ዕቃዎች አንዱ ነው።

ነገር ግን 6 ኢንቹ ለሰነድ ትንሽ ነው፣ ትልልቆቹ ባለ 10 ኢንች ገደማ ደግሞ ከጥሩ ታብሌት ይወደዳሉ። ስታሰፉ፣ ስትጎትቱ ገጹ እየተንተባተበ ነው የሚመጣው። አብዛኞቹም ጥቁርና ነጭ ናቸው። ዲያግራማችሁ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ ሽቦ በቀለም የሚለይ ከሆነ ሦስቱም ግራጫ ሆነው ይመጣሉ። ይሄ አደጋ ነው። ግቢ ውስጥ ታንከርና ፓምፕ እየዞረ ጽሑፍ ብቻ ለሚያነብ ሰው ይሆናል፤ ለኤሌክትሪክ ሰው አልመክርም።

ያገለገለ ላፕቶፕ

14 ኢንች ላፕቶፕ ላይ ኤ4 በሙሉ ስፋቱ፣ ማለትም መቶ በመቶ ይመጣል። ከቁመቱ ግን ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠው ነው የሚታየው። ወደ ጎን የተሣለ ዲያግራም ከሆነ ከታብሌት በጣም ይሻላል። ፒኤልሲ (ማሽኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) ውስጥ ገብታችሁ ፕሮግራም የምታዩ ከሆነ ደግሞ ላፕቶፕ የግድ ነው፤ ሁለተኛ ዕቃ ከመግዛት እሱኑ መጠቀም ትችላላችሁ።

ችግሩ ማስቀመጫ መፈለጉ ነው። መሰላል ላይ ሆኖ ላፕቶፕ የሚከፍት ሰው ሳይ ልቤ ትሰቀላለች። ፋኑም ብናኝ ይስባል። ጨርቃ ጨርቅ ክፍል ውስጥ የጥጥ ብናኝ ገብቶ አየር ማውጫውን እንደ ፍራሽ ይደፍነዋል። በየጊዜው ከፍቶ ማጽዳት ይፈልጋል። ባለ ጎማ ጠረጴዛ ካላችሁ ይዋጣል፤ ከሌላችሁ ቢሮ ይቀመጥ።

ለፋብሪካ ተብለው የተሠሩት

እነዚህ ወፍራም ናቸው፣ ጠርዛቸው ጎማ ነው፣ ብርሃናቸው ጠንካራ ነው። አዲሱ ከተራው ታብሌት በብዙ እጥፍ ይወደዳል። አቅም ካለ ግን ያገለገለ ፈልጉ። ለምሳሌ የሳምሰንግ ታብ አክቲቭ 3 ባለ 8 ኢንች ነው፣ አይፒ68 ደረጃ አለው፣ ጓንት ይሰማል፣ ባትሪውም በእጅ ይወጣል። ከላይ ስለ ሙቀት ያልኩትን ካስታወሳችሁ ባትሪ መቀየር መቻሉ ለድሬ ትልቅ ነገር ነው። መጠኑ ማነሱ ነው ያስቀየመኝ።

አይፒ የሚለውን ቁጥር እንዲህ አንብቡት። የመጀመሪያው አሃዝ ብናኝ ነው፣ ሁለተኛው ውኃ። 6 ማለት ብናኝ ጨርሶ አይገባም። ሁለተኛው 7 ከሆነ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ለደረቅ ብናኝ ቦታ የመጀመሪያው 6 መሆኑን እዩ፤ ሁለተኛው ያን ያህል አያስጨንቃችሁ። ያገለገለ ሲሆን ደግሞ ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። አንዴ ተከፍቶ ከተጠገነ ማሸጊያው እንደ ቀድሞው ላይሆን ይችላል። ካርቶን ላይ «ሚሊተሪ ስታንዳርድ» ስለተባለም አትደነቁ። ያ መለኪያ ብዙ ዓይነት ፈተና አለው፤ የትኞቹን እንደፈተነ የሚመርጠው አምራቹ ነው። «ከስንት ሜትር ወድቆ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ላሚኔት የተደረገ ወረቀት

ይሄን ከምርጫው ማውጣት ስህተት ነው። ኤ4ን መቶ በመቶ ያሳያል። ባትሪ የለውም። 40 ዲግሪ ላይ አይዘጋም። ወድቆ አይሰበርም፣ ማንም አይሰርቀውም። መብራት ሲሄድ በእጅ ባትሪ ይነበባል።

ኦፕሬተር አንድ ማሽን ላይ ነው የሚውለው። የሚያስፈልገው ማስነሻ፣ ማቆሚያ፣ የስህተት ኮድ ዝርዝርና የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለት ወይ ሦስት ገጽ ይበቃዋል። ለእሱ ታብሌት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ሦስት ገጽ በትልቅ ፊደል፣ በሚያውቀው ቋንቋ አትሙለት። ድሬ ውስጥ አንድ መስመር ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚያነብ ሰው ጎን ለጎን ይሠራል። ጀርባውን ባዶ ከመተው በሌላው ቋንቋ አትሙበት። ከማሽኑ ጋር በሰንሰለት እሰሩት። ሰንሰለቱ አጭር ይሁን፣ ከሚሽከረከር ነገር የራቀ ይሁን። አንጸባራቂው ፕላስቲክ መብራት ሥር ያብለጨልጫል፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የማያብረቀርቅ ካለው እሱን ጠይቁ።

የወረቀት ችግሩ አንድ ነው፤ ይረጃል። ዲያግራሙ ተቀይሮ ወረቀቱ ካልተቀየረ ውሸት ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ላይ ቀኑና ስንተኛ እትም እንደሆነ ይጻፍ። ስንት ቅጂ የት የት እንዳለ አንድ ሰው በደብተር ይያዝ። አዲሱ ሲሰቀል አሮጌው ይሰብሰብ፣ ይቀደድ። መሳቢያ ውስጥ «ለምናልባቱ» የሚቀመጥ አሮጌ ዲያግራም እንዳይኖር።

እኔ ብሆን እንዴት እከፋፍለዋለሁ

ለሃያ ማሽን ሃያ ታብሌት የሚያስብ ኃላፊ አውቃለሁ። አስፈላጊ አይደለም። በአንድ ፈረቃ ለጥገና ቡድኑ ሁለት ጥሩ 10 ኢንች ታብሌት፤ አንዱ ለኤሌክትሪክ፣ አንዱ ለመካኒክ። ለኦፕሬተሮች ወረቀት። ለጥራት ቁጥጥር ያለው ሰው እየዞረ የሚመዘግብ ከሆነ 8 ኢንች ይበቃዋል። ስቶር ውስጥ የመለዋወጫ ካታሎግ ለማየት ያረጀ ላፕቶፕ ይሻላል፣ እዚያ ጠረጴዛ አለ። ገንዘቡ ለአንድ ታብሌት ብቻ ከሆነ ለማታው ፈረቃ ስጡት። ቀን ላይ ኢንጂነሩም፣ ቢሮውም፣ ትልቁ ወረቀትም አለ። ሌሊት የሚተርፈው ቴክኒሽያኑና ፓኔሉ ብቻ ነው።

ዱቄት ፋብሪካ ያላችሁን ለብቻ ላናግራችሁ። አየር ላይ የሞላ የዱቄት ብናኝ እሳት ካገኘ ይፈነዳል። እንዲህ ባለ ክፍል፣ ነዳጅ ወይም ሶልቬንት በሚተንበትም ቦታ፣ እዚህ የዘረዘርኳቸው ተራ ዕቃዎች አንዳቸውም አይገቡም። ለዚያ የተፈቀደ ልዩ ዕቃ አለ፤ ውድ ነው። አቅም ከሌለ ሰነዱን ውጭ አንብባችሁ፣ የሚያስፈልገውን ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ግቡ። ሌላው ቦታም ቢሆን ታብሌቱን በማሰሪያ አንገት ላይ አታንጠልጥሉት፤ ሮለርና ዘንግ አጠገብ ማሰሪያው ይዞ ይስባል። ፓኔል ውስጥ እጅ ከመግባቱ በፊት ኃይሉ ተቋርጦ ይቆለፍ፣ ዕቃውም ከፓኔሉ ውጭ ይቀመጥ።

ፋይሉ ካልተስተካከለ ዕቃው አይጠቅምም

ሁሉንም ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩ። በተለይ የአማርኛውን። ፋብሪካዎች ኮምፒውተር ውስጥ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የተጻፈ የሥራ መመሪያ እስካሁን አለ። የዎርድ ፋይሉን እንዳለ ታብሌት ላይ ብትከፍቱት የላቲን ፊደልና ምልክት ተዘባርቆ ይመጣል። ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ ካደረጋችሁት ግን ፊደሉን ይዞ ስለሚሄድ የትም ይነበባል።

ወረቀት ስካን ስታደርጉ 300 ዲፒአይ (ኢንች ላይ 300 ነጥብ) ይበቃል። በስልክ ካሜራ የተነሳ ዲያግራም መስመሩ ይጎብጣል፣ ጥጉ ይደበዝዛል፤ ማሽን ካገኛችሁ በማሽን አድርጉት።

የፋይሉ ስም በማሽኑ ቁጥር ይጀምር። ማሽኑ ላይ 14 ተብሎ ከተለጠፈ ፋይሉም 14 ብሎ ይጀምር፣ ከዚያ የሰነዱ ዓይነት፣ ከዚያ ቀኑ። ሌሊት እንቅልፍ የከበደው ሰው ማሰብ ሳያስፈልገው ያገኘዋል። አዲስ እትም የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። በቴሌግራም እየተቀባበላችሁ አትጫኑ፤ የአንድ ዲያግራም አራት ቅጂ ይከማችና የትኛው እውነት እንደሆነ ማን ያውቃል?

ታይዋን ስትሄዱ

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ባዶ እጃችሁን ወደ ድሬው ታይዋን ገበያ አትሂዱ። ሚሞሪ ካርድ ላይ ሦስት ፋይል ያዙ። የመጀመሪያው ከሁሉም የከበደው ማኑዋል ነው፣ ሁለተኛው ከሁሉም ጥቅጥቅ ያለው ዲያግራም፣ ሦስተኛው አንድ የአማርኛ ፒዲኤፍ።

በመጀመሪያ ሻጩ ፊታችሁ ዕቃውን ሙሉ በሙሉ ሪሴት ያድርገው። ሲነሳ የቀድሞ ባለቤት አካውንት ከጠየቀ፣ ወይም በአንድ ድርጅት የሚተዳደር ነው የሚል ጽሑፍ ካወጣ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ተዉት። «ነገ እናስከፍትልሃለን» ቢሏችሁ ነገ ተመለሱ። ዛሬ ገንዘብ አይሰጥም።

ቀጥሎ ፋይሎቹን ክፈቱ። ማኑዋሉን ወደ መሃል ዝለሉ፣ ገጹ እስኪመጣ ቁጠሩ። ዲያግራሙን ሳታሰፉ አንብቡ። ሴቲንግ ላይ የተጻፈውን ስቶሬጅም አትመኑ፤ ትልቅ ቁጥር እንዲያሳይ የተደረገ የውሸት ዕቃ ገበያው ውስጥ አለ። ትልልቅ ፋይል ገልብጡበትና መልሳችሁ ክፈቱ። ታዋቂ ስም የሌለው፣ ዋጋው በጣም የወረደ፣ ቁጥሩ ግን ሰማይ የነካ ታብሌት ሲያጋጥማችሁ ይሄን ፈተና አትዝለሉት። አማዞን ፋየር የሚባለውን ካያችሁ ደግሞ ጎግል ፕሌይ ይዞ እንደማይመጣ እወቁ። ፒዲኤፍ ማንበቢያ መጫኑ ከሌላው ይልቅ ያለፋል።

ደጅ ይዛችሁት ውጡ። ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉና ጥላ ውስጥ አንብቡ። ጣታችሁን ትንሽ አርጥባችሁ ንኩት፤ ላብ ያለበት እጅ እንዴት እንደሚሰማ ታያላችሁ። ከጎን እዩት፣ ስክሪኑ ከጠርዙ ብድግ ያለ ከሆነ ባትሪው አብጧል። ቻርጀሩን ሰክታችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ቻርጁ የሚቆራረጥ ከሆነ ቀዳዳው ላልቷል፣ ፋብሪካ ውስጥ ወር አይቆይም።

ከበጀቱ ላይ ለጠንካራ ከቨር፣ ለስክሪን መስታወትና ለአንድ ትርፍ ቻርጀር የሚሆነውን አስቀድማችሁ ቀንሱ። በቀረው ነው ታብሌት የሚገዛው። ቻርጀሩ ላይ በማይለቅ ቀለም «ጥገና» ብላችሁ ጻፉበት፣ የሚሰካበትንም ቦታ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉለት። ፈረቃ ሲቀየር ርክክብ ላይ ታብሌቱ፣ ቻርጀሩና የቀረው ባትሪ በመቶኛ ይመዝገብ።